የኦቦ ገለታ ግድግዳ

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል፣ የጓሮዋን ክፍል የተከራየኝ ናኦል በሬን አንኳኳ። ናኦል ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከግቢ የማይወጣ፣ ሰላምታውን እንኳ «ይቅርታ ማዘር» ብሎ የሚጀምር ጨዋ ልጅ ነው። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ይቅርታ ማዘር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር።»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁለት። ፎቶው የግድግዳ ነው። ከአልጋው ራስጌ ጥግ ተነስቶ ወደ መስኮቱ የሚሄድ፣ ጠርዙ አረንጓዴ መሃሉ ጥቁር፣ ከሰል የነካው ጣት እየነካካ ያለፈበት የሚመስል ነጠብጣብ ይታያል።

«ሻጋታ ነው» አልኩት።

«አዎ ማዘር። ጫማዬንም ጀምሮታል።»

እንግዲህ እኔ ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ሳንባ፣ ስለ ሳል፣ ስለ እርጥብ ቤት ለስንቱ ተናግሬአለሁ። ልጁን መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝ «ያስልሃል ወይ?» ብዬ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መስኮት ትከፍታለህ?»

«እከፍታለሁ ማዘር።»

«መቼ መቼ?»

«ጠዋት ጠዋት…»

«ጠዋት ሥራ ነህ። ልብስስ? እዚያው ውስጥ ነው የምታሰጣው?»

ልጁ ፖሊስ ጣቢያ እንደቀረበ ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም ያን ጊዜ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ጥያቄው፣ አጠያየቁ፣ ቅንድብ ማንሳቱ ሳይቀር የእኔ አልነበረም፤ የኦቦ ገለታ ነበር። «ቆይ ጃንጥላዬን ልፈልግና መጥቼ አየዋለሁ» ብዬ ልጁን ሸኘሁት። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ተመርቄ ነቀምቴ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ጥር ላይ አባቴ እኔንም የብረት አልጋዬንም በአንድ አይሱዙ ጭኖ አመጣኝ። ከአቧራው ብዛት ከተማ ስንገባ የሁለታችንም ቅንድብ ነጭ ነበር። ቤት ያገኙልን ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ከሚስማር እስከ ብስኩት የሚሸጡ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ፤ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና የአገራቸውን ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ እየቀላቀሉ፣ ማንንም ሳያደናግሩ ይናገራሉ። እኛን ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለው ግቢ ወስደው ከኦቦ ገለታና ከባለቤታቸው ከአዴ ድንቂቱ ጋር አስተዋወቁን።

ኦቦ ገለታ ስማቸው የታወቀ ግንበኛ ነበሩ። መንገድ ሲሄዱ መዳፋቸውን በሰው ግድግዳ ላይ እያሳለፉ ነው። «ይሄ የእኔ ነው… ይሄም የእኔ… ይሄ የእኔ አይደለም፣ ያስታውቃል» ይላሉ። ለኪራይ ያሳዩን ክፍል ከግቢው ጀርባ፣ ዳገቱን ተጠግቶ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው። ግን እንዴት ያለ ጭቃ ቤት! ልስኑ በእጅ ሲዳሰስ እንደ እንቁላል ልስልስ ይላል፤ ኖራው ዓይን ይወጋል። አባቴ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳና «ይህስ ደንዳና ነው፤ አብሽሪ ልጄ» አለኝ። ኦቦ ገለታ ያን ቀን ከአባቴ ጋር ወንድም ሆኑ።

ውሉን የጻፉት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። አንዲት ገጽ ናት። ተከራይዋ ቤቱን እንደተረከበችው አድርጋ ትመልሳለች ይላል። ጋሽ ሸምሱ እስክሪብቶውን አንስተው «ስለ ጥገናስ ምን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ገለታ ተቀየሙ። «ሸምሱ፣ ገለታ የሠራውን ቤት ምን ብለህ ትጠግነዋለህ?»

ስለ ጥገና ሳይጻፍ ቀረ።

ከጥር እስከ መጋቢት ኑሮዬ ገነት ነበር። በሬን በራሴ ቁልፍ መክፈት፣ ሽሮዬን በራሴ የላምባ ምድጃ መሥራት፣ ጠዋት ነጭ ገዋኔን ለብሼ በሰፈሩ መሃል «ሲስተር፣ አካም ጅርታ?» እየተባልኩ ማለፍ። የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ቢኖር የግቢው ፍየል ናት። ቦንቱ ትባላለች፤ ኩሩዋ ማለት ነው፣ ስሟም አላነሳት። መስኮቴ ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገቷን አስገብታ ክፍሌን እንደ ጎረቤት ትጎበኛለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወንበር ላይ ያሰጣሁትን የገዋኔን ቀበቶ እያኘከች አገኘኋት፤ ከአፏ የተረፈው የአንድ ጣት ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ ተዘጋ።

ሌላው ነገር ልብስ ነው። ይህን ለመጻፍ አሁንም ትንሽ አፍራለሁ። ግቢው መሃል የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ግን ኦቦ ገለታ ጠዋትም ማታም በረንዳው ላይ ናቸው። የውስጥ ልብሴን እሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ላስጣ? ደግሞ ልብሴ የተጣጣፈ ነው። ስለዚህ ከአልጋዬ በላይ ከሚስማር ሚስማር ሲባጎ ወጥሬ ሁሉንም እዚያ አሰጣለሁ፤ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሽሮው ይንተከተካል።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጀመረ። የነቀምቴን ዝናብ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። የሌላ አገር ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ የእኛ ዝናብ ግን መጥቶ ይቀመጣል። ማንጎው አልቆ የበቆሎ እሸት እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ የቆርቆሮው ድምፅ ንግግርን ስለሚውጥ ሰው ሁሉ መጮህ ይለምዳል። ሰኔ መግቢያ ላይ ቤቴ መሽተት ጀመረ፤ ሽታው ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የከረመ ዳቦ ነው። አልጋዬን ሳብ ሳደርገው ከኋላው ያ የሚያበራ ኖራ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል።

በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በበረኪና አሸሁት፤ በሳምንቱ ዘመዶቹን ይዞ መጣ። ጫማዬ ውስጥ ጢም አበቀለ። ከሁሉ የባሰው ግን በገዋኔ ኮሌታ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች ማውጣቱ ነው። አንድ ጠዋት ክትባት ስሰጥ ሳል ያዘኝ። ተራዋ የደረሰ እናት ኮሌታዬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ «ማሎ፣ ሲስተር ራሷ ታማለች» ብላ ወደ ሌላኛዋ ነርስ ተሰለፈች። ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ ተከተሏት። ባዶ ወንበር ፊት መርፌ ይዤ ቀረሁ። አለቃዬም ምሳ ሰዓት ላይ ጠርተው «ልጄ፣ ንጽሕና ከእኛ ይጀምራል» አሉኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በቀጥታ ወደ ኦቦ ገለታ ሄድኩ። ከነጭቃ ጫማዬ፣ ከነንዴቴ።

«ኦቦ ገለታ፣ ግድግዳው ሻግቷል። ሊያሠሩልኝ ይገባል።»

ሽማግሌው ከበረንዳው ተነስተው መጡ። ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ወደ ላይ ሲባጎውን አዩ፣ ወደ ታች ምድጃውን አዩ፣ ወደ ጎን መስኮቱን አዩ።

«መስኮት ትከፍቻለሽ?»

«ፍየሏ…»

«ስለ ፍየል አልጠየቅኩሽም። መስኮት ትከፍቻለሽ?»

«አልከፍትም።»

«ታዲያ ግድግዳው ምን ያድርግ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የአንቺ ትንፋሽ ነው። የአንቺ ሽሮ ነው። የአንቺ ልብስ ነው። ስሰጥሽ ነጭ ነበር። ውሉ ምን ይላል? እንደተረከበችው ትመልሳለች ይላል።»

«ከእኔ ትንፋሽ ይህ ሁሉ አይወጣም! ውሃ እየገባ ነው!»

«በገለታ ግድግዳ ውሃ አይገባም!»

አዴ ድንቂቱ ከማዕድ ቤት ብቅ አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለዚህም ነው የሚጎዳው። «ሲስተር፣ ሰኞ ዕለት ለጉንፋን መድኃኒት ልወስድ መጥቼ ነበር። ለተሰለፍነው ሁሉ መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ እያልሽ ስታስተምሪ ሰማሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነሽ።»

ሰኞ ሰኞ የጤና ትምህርት የምሰጠው እኔው ነበርኩ።

ነገሩ በሁለት ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ገሚሱ «ገለታ አርጅቷል፣ ግድግዳው ውሃ ያስገባል» ይላል፤ ገሚሱ «ያቺ ነርስ ቤት መያዝ አትችልም» ይላል። ለሁለታችንም የከፋው ይህ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝና ልዳኝ ብለው መጡ። ውሉን አነበቡ፣ ግድግዳውን አሸተቱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦

«ማስረጃ ነው የሚያስፈልገን። ክፍሉ ባዶውን ሁለት ሳምንት ይቆይ። ይጠረግ፣ ይዘጋ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጥ። ሰው ሳይኖርበት ከሻገተ ጥፋቱ የገለታ ግድግዳ ነው፤ ካልሻገተ የሲስተር ትንፋሽ ነው። ሲስተር እስከዚያ ትልቁ ቤት ትደር።»

ዛሬ ሳስበው ከዚህ የተሻለ ፍርድ ያሰበ ዳኛ አልገጠመኝም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ጋሽ ሸምሱ ሁለቱም ተከራካሪዎች ሰው መሆናቸውን ረስተዋል።

እቃዬ ተጓጓዘ፣ ግድግዳው ታጠበ፣ ክፍሉ ተቆለፈ። እኔም በተጣላኋቸው ሰዎች ሳሎን አልጋዬን ዘርግቼ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስጨናቂ ነበሩ። ኦቦ ገለታ ቁርስ ላይ ቅንጬውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋሉ፣ ግን አያዩኝም። እኔም «ገለቶማ» እላለሁ፣ ግን አላያቸውም። አዴ ድንቂቱ በመሃላችን ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። አንዱ አርጆ፣ አንዷ ኑኑ ቁምባ ነው ያሉት። ማንም የማይሰማውን ወሬ ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ በዝግ መስኮት ስንጥቅ አጮልቄ ግድግዳውን አያለሁ። አራተኛው ቀን ነጭ ነው። ሰባተኛው ቀን ነጭ ነው። አሥረኛው ቀንም ነጭ ነው፤ እንዲያውም ከበፊቱ የደረቀ ይመስላል። ውጭ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላባራም። ልቤ ከዳኝ። ለካ እኔ ነኝ! ለካ ትንፋሼ ነው! ሽማግሌውን በሰፈር ፊት የሰደብኳቸው በከንቱ ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሻጋታ የምታመርት ነርስ ብሎ ይጠራኛል።

እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲነሳ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ኦቦ ገለታም በአጋጣሚ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፤ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አዴ ድንቂቱ የመዝሙር መጽሐፋቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ብቻቸውን ሄዱ። ትንሽ ቆየሁና የማዕድ ቤቱን ጆግ ውሃ ሞልቼ ወጣሁ። ቁልፉ ጋሽ ሸምሱ ጋ ነው፤ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ግን ልል መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቦንቱ ብቻ ናት። ጆጉን አስቀድሜ አስገባሁ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩ። ቦንቱ ጉንጯን እያንቀሳቀሰች ታየኝ ነበር።

ግማሹን ጆግ እንደረጨሁ በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ።

ክፍሉ ባዶ ነው። መደበቂያ የለም። በሩ ተከፈተና ኦቦ ገለታ በአንድ እጃቸው ትርፍ ቁልፍ፣ በሌላው የፋመ የከሰል ምድጃ ይዘው ገቡ። ተያየን። ውሃው በግድግዳው ላይ እየወረደ ነው፤ ከሰሉ ይንጣጣል።

«ሲስተር» አሉ።

«ኦቦ ገለታ» አልኩ።

«ራስ ምታትሽ እንዴት ነው?»

«ተሻለኝ። ጉልበትዎስ?»

«ደህና ነው።»

ኦቦ ገለታ ምድጃውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ከጎኑ ቁጢጥ አሉ። ያ የተቀየመ ፊታቸው ረግቦ ድንገት ሽማግሌ ሆኑብኝ።

«በየቀኑ ነው የማሞቀው» አሉ። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ።»

«እኔ ዛሬ ነው የጀመርኩት» አልኩ፤ ይህ ጥፋቴን የሚያቀልልኝ መስሎኝ።

«ስሚ ኢንተላ ኮ። ሁለት ዓመት ሆነኝ ማንም ለሥራ ካልጠራኝ። ሰው ሁሉ ብሎኬት ነው የሚለው። የቀረኝ ስሜ ነው። ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ‹የገለታ የራሱ ቤት ሻገተ› ካለ አለቀልኝ ማለት ነው።»

እኔም ያልጠየቁኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለ ገዋኔ፣ ስለዚያች እናት፣ ስለ አለቃዬ፣ ኪራሙ ስለናፈቀኝ እናቴ። ልብሴን ለምን ውስጥ እንደማሰጣ ስነግራቸው ኦቦ ገለታ ቀና ብለው ኮርኒሱን በጥሞና መመርመር ጀመሩ። «ቶሌ፣ ቶሌ፣ ገባኝ» አሉ፤ እንዳልቀጥል ነው።

ይህን ስንል ዝናቡ እንደገና ወረደ። ኦቦ ገለታ እጃቸውን አነሱ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ወደ ግድግዳው ተጠጉና መዳፋቸውን ወለሉ አጠገብ ለጠፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የታማሚ ደረት ሳዳምጥ እንዲሁ ነው የማደርገው። ሲነሱ ተከሳሹ ሽማግሌ ጠፍቶ ግንበኛው ተመልሷል።

«ከላይ አይደለም። ከአንቺም አይደለም፣ ከአንቺ ትንሽ ነው። ከታች ነው የሚመጣው። ነይ።»

በአንድ ጃንጥላ ተጠግተን ከቤቱ ጀርባ ዞርን። እዚያ የአዴ ድንቂቱ የአንጮቴ መደብ አለ። አንጮቴ የወለጋ ሰው የሚወደው፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ አጥንት ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል። የአዴ ድንቂቱ አንጮቴ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አርጆና ኑኑ ቁምባ ድረስ በጆንያ ይላካል። ሐረጉ ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣራው ወጥቷል። ኦቦ ገለታ ሐረጉን ገለጥ አድርገው ሲያዩ ጥቁሩ አፈር የድንጋዩን መሠረት ቀብሮ፣ ከዚያም አልፎ በጭቃው ግድግዳ ላይ አንድ ክንድ ያህል ተቆልሏል። የአሸንዳው ጫፍ ተጣሞ ውሃውን በሙሉ እዚያው አፈር ላይ ያፈስሳል።

«አፈሩን ማን ቆለለው?» አልኩ።

«እኔ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «አምና። ግድግዳው ሙቀት ይሰጠዋል ብላኝ። እኔ ገለታ፣ ሰው ቤት ሄጄ ‹አፈር ከግድግዳ አርቁ› ብዬ የምጮኸው!» ከዚያ መደቡን ተመለከቱ። ግድግዳው እንዲደርቅ አንጮቴው መነቀል ነበረበት። «ማን ይነግራታል?»

«እርስዎ ባላቸው ነዎት።»

«ለዚያ እኮ ነው የምጠይቅሽ። አንቺ ነርስ ነሽ። ለሰው ክፉ ነገር መንገር ተምረሻል።»

ይህን ስንከራከር አዴ ድንቂቱ ላስቲክ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላችን ቆመው ነበር። ራሷን ያመማት ልጅና ጉልበቱን ያመመው ባል በዝናብ አንጮቴአቸው መሃል በአንድ ጃንጥላ ሲያንሾካሹኩ ሌላ ሴት ብትሆን ብዙ ነገር ታስብ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው በክፍሉ በር በኩል አልፈዋል።

«ጆጉ የእኔ ነው» አሉ። «ምድጃውም የእኔ ነው። ከሰሌ በየቀኑ ሲጎድል ቦንቱ ከሰል መብላት ጀመረች ብዬ ነበር።»

ኦቦ ገለታ ሁሉንም ነገሯቸው፤ መጨረሻውን እኔ ጨረስኩት። አዴ ድንቂቱ ሐረጉን ዳሰሱ፣ አፈሩን በእግራቸው ነካ አደረጉ።

«እውነት ነው፣ ጥፋቱ የዚህ አፈር ነው» አሉ። እኛ ተነፈስን። «ግን አንጮቴው ገና ልጅ ነው። እስከ መስቀል የሚነካው የለም። ግድግዳው ይጠብቅ። ሲስተር እኛ ጋ ትቆያለች።»

«ድንቂቱ፣ እስከ መስቀል እኮ ሁለት ወር ተኩል ነው!»

«በሐሰት ቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ሁለት ወር ተኩል መታገስ አያቅተውም።»

የጋሽ ሸምሱ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቁልፋቸውን ይዘው በክብር መጡ። በሩን ከፍተው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ አንዱ በኩል በከሰል ጢስ ጠይሟል፣ ሌላው በኩል ከወገብ በታች ርሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። «እዚህ ጋ በጋ ነው፣ እዚህ ጋ ክረምት ነው!»

ስንናዘዝላቸው ቆባቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ውሉን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ከታች ጨመሩበት። ከውጭ የሚገባ ውሃ የአከራይ ነው። ከውስጥ የሚነሳ እንፋሎት የተከራይ ነው። ፍየሏ የአከራይ ናት። ሦስታችንም ፈረምን።

እነዚያ ሁለት ወር ተኩል እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ሳሎኑ ውስጥ በቆሎ እየጠበስን፣ ኦቦ ገለታ የሠሩትን ቤት ሁሉ ከነመሠረቱ እየተረኩልኝ፣ እኔ ግፊታቸውን እየለካሁላቸው አለፈ። የገበያ ኦሮምኛዬ ወግ የሚያወራ ኦሮምኛ ሆነ። ልብስ ማስጣትም የተማርኩት ያኔ ነው። አዴ ድንቂቱ ምንም ሳይናገሩ ገመዱ ላይ መጀመሪያ አንሶላ ዘርግተው ከአንሶላው ጀርባ ሌላ ገመድ ወጠሩ፤ የእኔ ጉድ ሁሉ እዚያ ተሰጣ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በሃያ ሁለት ዓመቴ አለማሰቤ ይገርመኛል።

መስቀል አልፎ አንጮቴው ወጣ። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ በቅቤ ራሰ፤ ግቢው ሙሉ ሰው በላ። በማግሥቱ ኦቦ ገለታ ቱምቢያቸውንና ውሃ ልካቸውን አውጥተው ሥራ ጀመሩ። አፈሩን አራቁ፣ ከዳገቱ ሥር በድንጋይ የተደለደለ የውሃ መውረጃ ቦይ ሠሩ፣ አሸንዳውን አቀኑ። እኔ የታመመውን ልስን እየፋቅሁ አወረድኩ፤ እሳቸው አዲስ ለሰኑ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲጠይቅ ነገሩን ይደብቁታል ብዬ ነበር። አልደበቁም። «የራሴን ስህተት እያረምኩ ነው» ይላሉ ቀና ብለው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ከአርጆ መጥቶ የሱም ቤት ከታች እንደሚርስ ነግሯቸው ይዟቸው ሄደ። አንድ ወር ቆይተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ግድግዳ መዳሰሱን እንደገና ጀምረው ነበር።

ክፍሌ ገብቼ አራት ዓመት ኖርኩበት። እውነቱን ለመናገር በሚቀጥለው ክረምት ጥጉ ላይ ሳንቲም የምታህል ሻጋታ ተመልሳ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። መስኮት መክፈት ረስቼ ነው፤ እሷስ የእኔ ነበረች።

ኦቦ ገለታም አዴ ድንቂቱም ዛሬ የሉም። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው አገራቸው ገብተዋል። ኪራሙ ያለው የአባቴ ቤትም አሁን ማን እንዳለበት፣ ጣራው እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ ከወጣን ቆየን። እኔ ግን በስተርጅና አከራይ ሆኜ ያኔ ያልገባኝ ነገር ገባኝ። ቤት ያለው ሰው ስለ ግድግዳው ሲነገረው ስለ ራሱ የተነገረው ይመስለዋል። ይህችን ክፍል ከደመወዜ እየቆጠብኩ በአምስት ዓመት ነው ያሠራኋት። ናኦል ፎቶውን ሲያሳየኝ ያየሁት ሻጋታ አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ጭቃ ረግጬ ሠራተኞቹን ስቆጣጠር የኖርኩበት ያ ዘመን ሁሉ ተበላሽቷል የተባልኩ መሰለኝ። መስኮት ትከፍታለህ የምትለዋ ጥያቄም የመጣችው ከዚያ ነው።

ያን ቀን ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ናኦልም ስልኩን ይዞ ተከተለኝ። የእኔ አሸንዳ በአቮካዶ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። የእሱም ቁምሳጥን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየር አያሳልፍም፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሦስት እርጥብ ሸሚዝ ተሰቅሏል። እኔ ሸሚዞቹን አየሁ፤ እሱ አሸንዳውን አየ።

ሰኞ አሸንዳው ተጠረገ። ማክሰኞ ቁምሳጥኑን ተጋግዘን ሳብን። በየምሽቱ ከሥራ ሲመለስ አብረን ገብተን እናየዋለን፤ እሱ «ከአሸንዳው ነው ማዘር» ይላል፣ እኔ «ከሸሚዙ ነው» እላለሁ። የማን ጥፋት እንደሚበልጥ እስካሁን አልተስማማንም። ግድግዳው ግን እየደረቀ ነው።